የሳተ ሰው ኑዛዜ

በፉከራ ማንም አይደርስብኝም። ሠርግ ቤት አንድ ሰው «ዘራፍ!» ብሎ ከተነሣ ሁለተኛው እኔ ነኝ። ቅድመ አያቴ በውጅግራ ዝንብ ከነክንፏ ይጥል እንደነበር፣ አያቴ ጥይት ላለማባከን ሁለት ጠላት እስኪሰለፍለት ይጠብቅ እንደነበር፣ በእኛ ዘር መሳት የሚባል ነገር እንደማይታወቅ ያልነገርኩት ሰው ካለ ገና ያልተዋወቅኩት ነው። ይህን ሁሉ የምለው ሰው ጠመንጃ በእጄ የያዝኩት አንዴ ብቻ ነበር፤ እሱም ጎንደር ለጥምቀት ሄጄ፣ ለፎቶግራፍ፣ የሰው ጠመንጃ ለምኜ፣ ያውም ባለቤቱ ጥይቱን አውጥቶ ኪሱ ከከተተ በኋላ።

የአፌን ዕዳ የከፈልኩት ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። እዚህ አጋዘን ከጎረቤት ይቆጠራል። ሌሊት የተከልነውን ጎመን ሲግጥ አድሮ ጠዋት ከመንገድ ዳር ቆሞ ያየናል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «አንዱን ጥዬ ጥብስ ባላበላችሁ!» አልኩ። በሳምንቱ «አጋዘኑስ?» ተባልኩ። በቀጣዩም ሳምንት እንዲሁ። ባለቤቴ ብቻ «ደሞ ማን ባርኮት ሊበላ ነው? ጠመንጃ በስመ አብ አይልም» ብላ ልታስቀረኝ ሞክራ ነበር። ብሰማት ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም።

ጠመንጃውን ያስመረጠኝ ጾም ነው። በቨርጂኒያ ዋናው የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ሲሆን፣ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ አደኑ ገና መሞቁ ነው። አጋዘን ጥሎ እስከ ገና ድረስ የማቀዝቀዣውን በር እየከፈቱ ማየት ደግሞ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን፣ ከኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት፣ በአፈሙዙ ለሚጎርስ ጠመንጃ ብቻ የተከለለ ወቅት አለ። ባሩዱን ከአፈሙዙ ታፈሳለህ፣ እርሳሱን ታስከትላለህ፣ በዘንግ እስከ ታች ትገፋለህ፣ አንድ ትተኩሳለህ፣ ከዚያ እንደገና ከሀ ትጀምራለህ። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የፌዴራል ሕግ አብዛኛውን የዚህ ዓይነት መሣሪያ ከጥንት ዕቃ ስለሚቆጥረው ሲገዙት ጣጣው ቀለል ይላል። የአደኑ ፈቃድ ግን ድርብርብ ነው፤ የአደን ፈቃድ፣ በላዩ የአጋዘን ፈቃድ፣ በላዩ ደግሞ የዚሁ የጎራሹ ጠመንጃ ፈቃድ። የአዳኞች ኮርስ ጨረስኩ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ገዛሁ፣ ሰደርያውን ለብሼ ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶውን አዲስ አበባ ላሉ ወንድሞቼ ስልክ ጠመንጃው ገና ከካርቶኑ አልወጣም ነበር።

ጠመንጃው ባለ 50 ካሊበር ነው። ከኋላው 209 የሚባለው ፕራይመር፣ ማለትም ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ የብረት ቆብ፣ ይገባበታል። ላዩ ላይ መነጽር አለው። የሸጡልኝ ሰዎች መነጽሩን ከበርሜሉ ጋር አስተያይተው፣ ለጅምር የሚሆን ያህል አስተካክለው ነው ያስረከቡኝ። ሻጩ ሌላም ብዙ ነገር ሲያስረዳኝ ነበር፤ እኔ በሐሳቤ ጥብሱን እየከተፍኩ ነበር። መመሪያ መጽሐፉንም «የቅድመ አያቴ ውጅግራ መመሪያ ነበረው እንዴ?» ብዬ ከነላስቲኩ ተውኩት።

ላስቲኩን ብቀደው ኖሮ ባሩድ በስፍር እንጂ በሚዛን እንደማይለካ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች በአንዱ አገኘው ነበር። እኔ የምጠቀመው ፓይሮዴክስ የሚባለውን የጥቁር ባሩድ ምትክ ነው። 100 ግሬን ሲባል 100 ግሬን ጥቁር ባሩድ የሚይዘውን ስፍር ሞልቶ ማለት ሲሆን፣ ፓይሮዴክሱ ቀለል ስለሚል ያንኑ ስፍር ሚዛን ላይ ብታወጣው 70 ግሬን ገደማ ነው። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። ስፍር የጉልት ነው፣ ሚዛን የሳይንስ ነው ብዬ ወርቅ ሠሪ የሚጠቀምበት ዓይነት ሚዛን አዘዝኩ። ማታ ማታ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ እየጨመርኩና እየቀነስኩ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ 100 ግሬን ቅጥ አድርጌ መዘንኩ። በስፍር ቢሆን ከ140 የሚያልፍ መሆኑ ነው። ጠመንጃው እስከ 150 እንዲችል ተደርጎ ባይሠራ ኖሮ ኑዛዜዬን ዛሬ ሌላ ሰው ነበር የሚያነብላችሁ።

ይህ የሚዛን ነገር የጥፋቶቼ ሁሉ አባት ነው። ባሩዱ ስለበዛ ጠመንጃው ይረግጣል፤ ስለሚረግጥ እፈራዋለሁ፤ ስለምፈራው እስታለሁ፤ ስስት መነጽሩን እወቅሳለሁ። ሰንሰለቱን ዛሬ እንዲህ ዘርግቼ የማወራው ሌላ ሰው ስለነገረኝ ነው። ያኔ የማውቀው ትከሻዬ መጥቆሩን ብቻ ነበር።

የተኩስ ሜዳው ከቤታችን በመኪና አንድ ሰዓት የሚያስኬድ፣ ጥድ የከበበው ቦታ ነው። ዒላማ በ25፣ በ50 እና በ100 ያርድ ይሰቀላል። ወጉ ከ25 መጀመር ነው፤ እዚያ ወረቀቱን መሳት ስለሚከብድ፣ ጠመንጃው የት እንደሚመታ አይተህ፣ ያንን አርመህ ወደ 50፣ ከዚያ ወደ 100 ታልፋለህ። እኔ ስደርስ 25 ላይ አንድ ልጅ ከአባቱ ጋር ይተኩስ ነበር። የውጅግራ ዘር ከሕፃን ጎን ይቀመጥ? ወረቀቴን ተሸክሜ 100 ያርድ ሄጄ ሰቀልኩ።

ጭሱን ላመስግነው። የዚህ ጠመንጃ ጭስ እንደ ዘመናዊው ስስ አይደለም፤ ወፍራም ነጭ ደመና ፊትህ ላይ ይዘረጋና ለጥቂት ሰከንድ አንተም ዒላማውም አትተያዩም። ለጉረኛ የተሠራ ነው። ደመናው እስኪገፍ ድረስ መትቻለሁ። ሲገፍ ወረቀቱ እንደሰቀልኩት ነው፤ አንድ ቀዳዳ የለበትም። ደግሜ አጎረስኩ። ወረቀቱ ደግሞ ንጹሕ። ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለው የአፈር ክምር ላይ አቧራ ቦነነ ያለኝ ከጎኔ የተቀመጠ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። «ከፍ ብሎ ወደ ግራ» አለኝ። አመስግኜው መነጽሩን መጠምዘዝ ጀመርኩ።

መነጽሩ ሁለት ጉልላት አለው፤ አንዱ ላይና ታች፣ አንዱ ግራና ቀኝ ይወስዳል። እያንዳንዷ «ጠቅ» የምትለዋ ጥምዘት በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ታንቀሳቅሳለች። በ25 ያርድ ግን ያችው ጠቅታ የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነች። ስለዚህ 100 ላይ ሦስት ኢንች ለመሄድ 12 ጠቅታ ሲበቃ፣ 25 ላይ ለዚያው ሦስት ኢንች 48 ያስፈልጋል። የሂሳብ ዲግሪ አለኝ። ኩራቴን ውጬ በመጨረሻ ወደ 25 ስወርድ ሦስት ኢንች ስቼ 12 ጠቅ አድርጌ፣ ጥይቱ እምብዛም አለመነቃነቁን አይቼ፣ «መነጽሩ ተበላሽቷል» ብዬ ፈረድኩ። ሻጩ ጋ ደውዬ ቁጣዬን አሰምቻለሁ። ትሕትናው አሁን ድረስ ያሳፍረኛል።

ሽማግሌው ያየኝ ነበር። ጡረተኛ ነው፤ ጉንጩ ላይ የባሩድ ጥቀርሻ የማይጠፋው፣ የገዛ ጠመንጃው ደግሞ ከእኔም የባሰ ጥንታዊ፣ በባልጩት ፍንጣሪ የሚተኩስ። «በአንድ ጥይት አትጠምዝዝ» አለኝ። «ሦስት ተኩስ። የሦስቱን ቀዳዳዎች መሐል ፈልግ። ከመሐሉ ተነሥተህ አርም። አንድ ቀዳዳ ምንም አይነግርህም።» ራሴን ነቀነቅኩ። ፊቱን ሲያዞር ጠመዘዝኩ። ጥይቱ ወደ ቀኝ ከሄደ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ከሄደ ወደ ቀኝ፤ ስሕተቴን ጅራቷን ይዤ ሳባርር ውዬ ወረቀቱ ላይ የቀረው የቀዳዳ ብዛት ዒላማ ሳይሆን ወንፊት አስመሰለው።

እዚህ ላይ ስለ ጽዳት አንድ ነገር ልናዘዝ። ጥቁር ባሩድም ሆነ ምትኩ ሲነድ ሁሉም ጭስ ሆኖ አይወጣም፤ ከፊሉ በርሜሉ ውስጥ ቅርሻት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በየተኩሱ መሐል እርጥብ ጨርቅ በዘንግ ሰድደህ መወልወል፣ በደረቅ መድገም አለብህ። ካልወለወልክ እያንዳንዱ ጥይት ከቀዳሚው በተለየ በርሜል ውስጥ እንደሚያልፍ ቁጠረው፤ አንዱ በንጹሕ፣ አንዱ በቆሸሸ፣ አንዱ ይበልጥ በቆሸሸ። አንድ ቦታ ሊመቱ አይችሉም። እኔ ስለቸኮልኩ አልወለወልኩም። ከጥቂት ተኩስ በኋላ ከለበሰው የፕላስቲክ ቀሚስ ጋር የገፋሁት እርሳስ ግማሽ መንገድ ላይ አልወርድም አለ። ቆሜ በሁለት እጄ፣ ከዚያ በደረቴ፣ በመጨረሻም የዘንጉን ጫፍ ከጠረጴዛው እግር ጋር አስደግፌ ገፋሁት። ሽማግሌው እጁን አፈሙዙ አጠገብ ሳይሆን ትከሻዬ ላይ አድርጎ «ተው» አለ። ድምፁን ከፍ ያደረገው የዚያን ጊዜ ብቻ ነው። እርሳሱ ባሩዱ ላይ ሳይቀመጥ፣ መሐሉ ባዶ ቀርቶ ከተተኮሰ በርሜሉን ሊያሳብጠው፣ ሊያፈነዳውም ይችላል። ዘንጉ ላይ በቀለም ምልክት የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ምልክቱ አፈሙዙ ጋ ሲደርስ እርሳሱ በትክክል ተቀምጧል ማለት ነው። የእኔ ዘንግ ምልክት አልነበረበትም። ምልክት ስለማድረግ የሚያወራው ገጽ ላስቲክ ውስጥ ነበር።

በዚህ መሐል አማቴ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከጎጃም መጡ። ቡሬ አካባቢ ያደጉ፣ ምንሽር ከራስጌያቸው ተለይቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። ጠመንጃውን ላሳያቸው ስል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሳቸው የእኔን ፉከራ ከሠርጋችን ዕለት ጀምሮ ያውቁታል። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። ጥይት የሚገባበትን ፈልገው አጡ።

«ከየት ነው የሚጎርሰው?»

«ከአፈሙዙ ነው አባባ።»

ዝም ብለው ቆዩና «ገብርዬን ያስበላውን መሣሪያ ገንዘብ ከፍለህ ገዛህ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ እውነታቸውን ነው። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ እሮጌ ላይ የቴዎድሮስ ጦር በአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥ ይዞ፣ ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ይዞ የመጣውን የእንግሊዝ ጦር ገጥሞ ነው ፊታውራሪ ገብርዬም የወደቁት። የእኛ ሰው አንዴ አጉርሶ እስኪተኩስ ያኛው በርካታ ይተኩሳል። ይህንን እንደ ሰበብ ልጠቀምበት ዳድቶኝ ነበር። ግን ወረቀት ተኩሶ አይመልስም።

ቅዳሜ ሜዳው ይዣቸው ሄድኩ። ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። የሚገርመው አንዴም ወደ ዒላማው አለማየታቸው ነው፤ ዓይናቸውን ፊቴ ላይ ተክለው ቀሩ። ተኮስኩ። ጭሱ ሲገፍ «እንደ ኮሶ ጠጪ ነው የምትኮማተረው» አሉ። «ቃታውን ሳትስበው ዓይንህ ተከድኖ ያልቃል።»

ሽማግሌው ፈረንጅ ጎንበስ ብሎ «ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ነፋሱ በርትቷል ነው የሚሉት» አልኩት። የጥዱ ቅጠል አልተነቃነቀም።

እሱ ደግሞ በበኩሉ «ቃታውን እየነጠቀው ነው፤ ድንጋጤ ለምዶበታል በላቸው» አለ። አማቴ «ምን ይላል?» አሉ።

«አያያዜን ወዶታል።»

ሁለቱ ሽማግሎች በእኔ ትርጉም ላይ ብዙም እምነት የጣሉ አይመስሉም። ተያዩ። ከዚያ ፈረንጁ ጠመንጃዬን ተቀብሎ አጎረሰው። «ዞር በል» አለኝ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስቆም እሱ ከኋላ ፕራይመር ያገባል፤ አዲስ ይሁን ወይም ቀድሞ የተተኮሰ ባዶ እኔ አላውቅም። አማቴ ግን ያያሉ፤ ገብቷቸዋል፤ በእጃቸው አፋቸውን ይዘዋል። ተቀመጥኩ፣ ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አመቻቸሁ፣ አነጣጠርኩ፣ ሳብኩ።

«ቀጭ።»

ምንም አልተተኮሰም። ግን አፈሙዙ ወደ መሬት ተደፍቶ፣ ትከሻዬ ወደፊት ተወርውሮ፣ ዓይኔ ጭፍን ብሎ፣ ጥርሴም ተነክሶ ነበር። ያልመጣን ምት ለመቀበል ሙሉ ሰውነቴ ተሰልፎ ወጥቷል። አማቴ ከወንበሩ ሊወድቁ ደረሱ። ፈረንጁ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳይሰማ በእኔ ላይ ፍጹም ተግባቡ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ኬክና ዳቦ ተካፍለው ሲበሉ እኔ ባዶ ፕራይመር እየተኮስኩ ዓይኔን መክፈት ስለማመድ ቆየሁ።

የወርቅ ሚዛኑ የተያዘውም ያን ቀን ነው። ባሩዱን እንዴት እንደምለካ ፈረንጁ ጠየቀኝ፤ በኩራት ነገርኩት። ለአፍታ ምንም አላለም። ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ የነሐስ መስፈሪያ አውጥቶ ሰጠኝ።

በስፍር 80 ግሬን ስጭን ጠመንጃው ሌላ ጠመንጃ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው አሰልቺ ነው፤ አሰልቺ መሆኑም ነው ቁም ነገሩ። ተኩስ፣ በእርጥብ ወልውል፣ በደረቅ ወልውል፣ በርሜሉ ይብረድ፣ ምክንያቱም የጋለ በርሜል የፕላስቲኩን ቀሚስ ያላላዋል። ያንኑ ስፍር፣ ያንኑ እርሳስ፣ ዘንጉን በዚያው ኃይል እስከዚያው ምልክት። ይህ መሣሪያ የሚጠይቀው አንድን ነገር በየጊዜው ሳይለውጡ መድገም ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ቡናዬን እንኳን አንድ ዓይነት አፍልቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ማስታወሻ ደብተር ያዝኩ፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኩት የዒላማ ውጤት ሳይሆን የራሴን ስም ነበር፣ ያውም በቁም ጽሕፈት። ሆኖም ሦስት ጥይት አንድ ቦታ መሰብሰብ ጀመሩ። 25 ላይ አረምኩ፣ 50 ላይ አየሁ፣ 100 ላይ ሦስቱ ቀዳዳዎች በሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሊከደኑ ቀረቡ።

ያን ዕለት ጉልላቶቹ አጠገብ ያለውን ቁጥር አየሁት። ያ ሁሉ ግራ ቀኝ፣ ያ ሁሉ ላይ ታች፣ ያ ሁሉ የስልክ ቁጣ ዞሮ ዞሮ መነጽሩን ሻጮቹ አስተካክለው ከሰጡኝ ቦታ ጥቂት ጠቅታዎች ብቻ አርቆት አቁሟል። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

አደኑ ተከፈተ። ዋዜማውን ጠመንጃውን እንደ ሙሽራ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዝገት እንዳይነካው ብዬ በዘይት ነከርኩት። በዘይት የተነከረ በርሜል ባሩድ ከመጉረሱ በፊት ፕራይመር ብቻ አንዴ ሁለቴ ተኩሶበት መድረቅ አለበት፤ አለዚያ ባሩዱ ዘይቱን ይጠጣል። ይህንንም አውቅ ነበር፤ በደብተሬ ተጽፏል። ደብተሩ ቤት ነበር። ጎሕ ሲቀድ አንዲት አጋዘን ከዛፎቹ መሐል ወጥታ አርባ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ጎኗን ሰጥታ ቆመች። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ቃታውን አልነጠቅኩም። ሁሉን እንደተማርኩት አደረግኩ። «ጧ» አለ ፕራይመሩ፤ ሌላ ምንም የለም። ባሩዱ ዘግይቶ ሊነድ ስለሚችል ቢያንስ አንድ ደቂቃ አፈሙዙን ሳያነሡ መጠበቅ ደንብ ነው። ጠበቅኩ። አጋዘኗም ጠበቀች። ቅጠል እያላመጠች ስታየኝ ቆየችና ደቂቃው ሳይሞላ ተሰላችታ ሄደች።

ወቅቱ ባዶ እጄን አለፈ። እሑድ ግን ጥብሱ ቀረበ፤ ቃል ቃል ነው። አንዲት እናት ጎርሰው ሲያበቁ «አጋዘን እንዲህ ለስላሳ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ በግ በግ ነው እኮ የሚለው!» አሉኝ። አሁን ስናዘዝ፣ በግ ነው። ከሐላል ሉካንዳ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ የተገዛ፣ ሙሉ የጎን ሥጋ። «የት ነው የመታኸው?» ያለኝ ሰውም ነበር። «ትከሻው ላይ» ብዬዋለሁ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሳል ያዛት።

ባለፈው ቅዳሜ ለመጪው ወቅት ልዘጋጅ ብዬ እንደገና ሜዳው ሄጄ ነበር። የባሩድ ቅርሻት እርጥበት ይስባል፤ በአንድ ሌሊት ብረት ማዛግ ይጀምራል፤ የተኮሱ ዕለት በሙቅ ውኃና በሳሙና ካልታጠበ በርሜሉ ይበላል። ዛሬ ረቡዕ ነው። ጠመንጃው በሩ ጀርባ እንደቆመ ነው፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩትም እሱን ላለማጠብ ነው። ባለቤቴ ከወጥ ቤት «ውኃው ፈልቷል፤ ለሻይ ነው ለጠመንጃህ?» እያለች ነው።

ለሻይ ነው አልኳት።